ከመሸፈኑ በፊት ይታይ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገነባ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ የጥራት ዕቅድ አወጣጥ

መሥሪያ ቤትዎ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በባቱ አዲስ ሕንፃ ሊያሠራ ነው እንበል፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቢሮ፣ ከጎኑም መጋዘን። ተቋራጩ ተመርጧል፣ አማካሪ መሐንዲስም ተቀጥሯል። እርስዎ መሐንዲስ ባይሆኑም «ይከታተሉልን» ተብለው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሆነዋል። ብዙ አስተባባሪ ድርሻው ምን እንደነበር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ግድግዳው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰው ከገባበት በኋላ ስንጥቅ ብቅ ሲል። ያን ጊዜ ተቋራጩ «አፈሩ ነው» ይላል፣ አማካሪው «አሠራሩ ነው» ይላል፤ አፈሩም አሠራሩም ግን ተቀብረዋል፣ ምስክር የሚሆን የለም።

በግንባታ ላይ ጥራት የሚጠፋው በሚሸፈን ሥራ ውስጥ ነው። አፈሩን መሠረት ይሸፍነዋል፣ ፌሮውን አርማታ፣ ቧንቧውን ልስን። ስለዚህ የጥራት ዕቅድ ማለት የሚሸፈነውን ሁሉ አስቀድሞ ቆጥሮ፣ ከመሸፈኑ በፊት ማን፣ መቼ፣ በምን መለኪያ እንደሚያየው መጻፍ ነው። ሌላው ሰነድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ይህ ከሌለ ሌላው ሁሉ ፋይል ማሳመሪያ ነው።

1. ምኞትን ወደ ቁጥር ይለውጡ

ውልዎን ያውጡና «ጥራቱን የጠበቀ»፣ «ደረጃውን የጠበቀ»፣ «ምርጥ» የሚሉትን ቃላት ያስምሩባቸው። በእያንዳንዱ ፊት «በስንት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ሥራው ሳይጀመር አማካሪው ጽፎ ይስጥዎት። የአርማታው የጥንካሬ ደረጃ ሲ-25 ነው? የመሠረቱ ጥልቀት ስንት ነው? ፌሮው በስንት ሚሊ፣ በስንት ርቀት? ጣሪያው ምን ያህል ተዳፋት አለው? የመጋዘኑ ወለል ምን ያህል ጭነት ይሸከማል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከዓመት በኋላ ፎርክሊፍት ሲገባ ግን ይታወሳል።

ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይሰብስቧቸውና በሳይቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ፎርማኑም፣ ግንበኛውም፣ ገንዘብ ከፋዩም አንድ ዓይነት ገጽ ይመልከቱ። ከዚያ ጎን ለጎን ሕጉን ይወቁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲመድብ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ከ«ሐ» አስገብቷል። ሥራ ላይ ያለውን የሕግና የመመሪያ ቅጂ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ወስደው የእርስዎ ሕንፃ ከየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ያረጋግጡ፤ የሚፈለገው ባለሙያና ክትትል በዚያ ይወሰናል።

2. መሬቱን ይጠይቁት

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲገነባ የሁሉም ነገር መነሻ መሬቱ ነው። አዳማ በኮረብቶች ተከብባ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አፈሯ በአመዛኙ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ አመድ፣ ፑሚስ፣ ውሃ አምጥቶ ያስቀመጠው ደቃቅ ደለል። ይህ ዓይነቱ አፈር በደረቁ ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲገባው ግን ድንገት ሊሰጥም ይችላል። ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ሲሄዱ ደግሞ ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ይመጣል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውንም ሕንፃ አብሮ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። በዋናው ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተሰንጥቆ ረጅም ገደል የሚከፍትባቸው ቦታዎችም በጂኦሎጂስቶች የታወቁ ናቸው።

ስለዚህ «ጎረቤቱ በዚህ መሠረት ሠርቶ ምንም አልሆነም» የሚለውን ወሬ እንደ ምርመራ አይቀበሉ። የአፈር ምርመራ ሪፖርት በእጅዎ ይግባ፤ ሪፖርቱም የተቆፈረው የት የት እንደሆነ በካርታ ያሳይ። ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ከቢሮው ሥር ብቻ ሆኖ መጋዘኑ ሌላ ጥግ ላይ ከሆነ ምርመራው ግማሽ ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ደግሞ የጉድጓዱ አፈር ሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን መሐንዲሱ ገብቶ አይቶ ይፈርም። የመጀመሪያው ማቆሚያዎ፣ ማለትም ታይቶ ሳይፈረም ሥራው የማያልፍበት ነጥብ፣ ይህ ነው፤ ሳይፈረም አንድ ባሬላ አርማታ አይፈስም።

ሌላው የጎርፍ ጉዳይ ነው። ቦታውን በሐምሌ ወይም በነሐሴ አይተውት ካላወቁ በአካባቢው ለረጅም ጊዜ የኖሩትን ሰዎች ይጠይቁ፤ ውሃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚያልፍ ያሳዩዎታል። የወለሉን ከፍታ ለመወሰን ይህ መረጃ ትንሽ አይደለም።

መንቀጥቀጡንም አይርሱ። በ2017 ዓ.ም. ከመተሐራ አጠገብ ከፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሳው ተከታታይ ርዕደ መሬት ከ5 መጠን ያለፉ ንቅናቄዎች ነበሩበት፤ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፣ አዳማና አዲስ አበባ ድረስም ተሰምቷል። ዲዛይን የሠራውን መሐንዲስ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «በየትኛው ኮድ ሠሩት?» እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው የቀድሞ ኮድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ ወጥቷል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው ክፍልም ተቀይሯል። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ስሌቱን ሌላ መሐንዲስ እንዲያየው ያድርጉ። ሥራው ሳይጀመር የሚወጣ ገንዘብ ከሁሉ ርካሹ ገንዘብ ነው።

ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ አዳማ አጠገብ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የእርሻው ሠራተኞች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተዋል። ውሃው ጥሩ ይመስል ነበር፣ ሽታም አልነበረውም፤ ፍሎራይዱ ግን ጥርስን ከማበላሸት አልፎ የብዙዎችን አጥንትና ጀርባ ጎዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ዓይንም ምላስም ፍሎራይድን አይለዩም፣ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። የጉድጓዱን ክፍያ ከውሃው ምርመራ ውጤት ጋር ያስሩት።

3. ማቆሚያዎችን ይዘርዝሩ

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙዎቻችን ያየነው አስፋልቱን ነበር። ከአስፋልቱ ሥር ያለው ሙሌት ግን በንብርብር የተሠራ ነው፤ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አንዱ ንብርብር ተጠቅጥቆ ጥግግቱ ሳይለካ ቀጣዩ አይደፋበትም። በእርስዎም ሕንፃ ላይ ሥርዓቱ ያው ነው፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል።

ለባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ የሚከተሉት ማቆሚያዎች ይበቃሉ፦ የመሠረት ጉድጓድ ከመሞላቱ በፊት፤ የመሠረትና የግሬድ ቢም ፌሮ አርማታ ከመፍሰሱ በፊት፤ ከወለል ሥር ያለው ሙሌት ሲጠቀጠቅ፤ እያንዳንዱ ኮለን (ዓምድ) ካሳው (የአርማታ ቅርጽ መያዣው) ከመዘጋቱ በፊት፤ እያንዳንዱ ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት፤ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ በግፊት ተፈትኖ ልስን ከመጀመሩ በፊት፤ የኤሌክትሪክ መስመር እንዲሁ፤ የጣሪያው ውሃ መከላከያ ከመሸፈኑ በፊት። ከስምንት አይብዛ። ሃያ ማቆሚያ ያወጣ አስተባባሪ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉንም ሳያይ መፈረም ይጀምራል፤ ያኔ ዕቅዱ ሞቷል።

ለእያንዳንዱ ማቆሚያ አንድ ሰው በስም ይመድቡ፤ «አማካሪው ድርጅት» ማለት ሰው አይደለም። ሰውየው ሲቀር የሚተካውም ይጻፍ። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይቁረጡ፤ ተቋራጩ ቢያንስ ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በፊት በጽሑፍ ይጥራዎት። ማታ ላይ ስልክ ተደውሎ «ነገ ጠዋት ሙሌት አለን፣ ሚክሰሩም መጥቷል፣ ሠራተኛውም ተጠርቷል» ከተባለ፣ ለማየት ሳይሆን ለመፈረም ነው የተጠሩት። መልሱ አስቀድሞ በውል የተጻፈ ከሆነ ጠብ አይኖርም፦ አንድ ቀን ይጠበቃል።

ኮለን ላይ የሚታየውን ለምሳሌ ልውሰድ፣ ብዙ የሚዘነጋው እዚህ ነው። ፌራዮው ስታፋውን፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት፣ ሲያጥፍ ጫፉን በ90 ዲግሪ ቢተወው ሥራው ይቀለዋል፣ ከሩቅም ያምራል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን የኮለኑ ውጫዊ አርማታ ይረግፋል፤ ያን ጊዜ በ90 ዲግሪ የታጠፈው ስታፋ ይከፈትና ዋናው ፌሮ ይጎብጣል። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ልብ ከገባ ግን ይይዛል። በኮለኑ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ላይ ስታፋው መጠጋጋት አለበት፤ ርቀቱ ሥዕሉ ላይ አለ፣ በሜትር ለክተው ያወዳድሩ። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ካሳው ሳይዘጋ በቦታው መገኘት ብቻ ነው።

4. ዕቃው ሲገባ

አሸዋ ከመቂም ይምጣ ከላንጋኖ፣ ሲኖትራኩ ከመድፋቱ በፊት ይታይ። የሚከተለው ፈተና ሻይ እስኪፈላ ድረስ ይሰናዳል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መልስ ይሰጣል። ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም ግልጽ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ይሙሉ፣ ትንሽ ጨው የተበተነበት ውሃ ይጨምሩ፣ በደንብ በጥብጠው በጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጡ። አሸዋው ከሥር ይተኛል፣ ደለሉ ከላይ። አሸዋው 10 ሴንቲሜትር ሆኖ ደለሉ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ፣ ማለትም ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ፣ ያ አሸዋ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ከአንድ ቦታ የሚመጣ አሸዋ በየቢያጆው ሊለያይ ስለሚችል አንዴ ፈትኖ መተው አይሠራም። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ በከተማው ያለውን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ክፍል መጠየቅ አንዱ መንገድ ነው።

ፌሮን በዓይን አይግዙ፣ ሚዛን ላይ ያውጡት። የፌሮውን ውፍረት በሚሊሜትር ወስደው በራሱ ያባዙት፣ በ162 ያካፍሉት፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ስለዚህ ባለ 12 ሚሊ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ፌሮ 10.7 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 10 ሚሊው 7.4 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይገባል። ጥቂት ልዩነት ደረጃው ይፈቅዳል፤ ብዙ ከጎደለ ግን የተሸጠልዎ «12» የሚል ስም ያለው ቀጭን ብረት ነው። አምስት ስድስት ዘንጎች መዝነው አማካዩን ይውሰዱ፣ ውጤቱን ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ።

ሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሦስት ወር ካለፈው ኃይሉ መቀነሱን ይጠርጥሩ። ብሎኬቱ ከመገዛቱ በፊት አምራቹ ስንት ቀን ውሃ እንዳጠጣው ይጠየቅ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ቦታ አያያዝ መርሆቹን፣ አምስቱን «ማ»ዎች፣ በሰሌዳ ያልለጠፈ መጋዘን ማግኘት ያስቸግራል፤ ሲሚንቶው እርጥብ ወለል ላይ ተኝቶ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ከሚያምር፣ ሰሌዳው ቀርቶ እንጨቱ ቢነጠፍ ይሻላል።

5. የአርማታ ሙሌት ቀን

በዚህ ቀን ሌላ ስብሰባ አይያዙ። አርማታ ሲቦካ የመጀመሪያው ጠላት ተጨማሪ ውሃ ነው። ሠራተኛው አርማታው እንዲቀለው ውሃ ይጨምራል፤ አይፈረድበትም፣ ከባድ ሥራ ነው። በስሌት ከተወሰነው በላይ የገባ ውሃ ግን በኋላ ተኖ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል፣ ጥንካሬውም በዚያው ልክ ይወርዳል። አሸዋና ጠጠር በሳጥን ይለካ፣ በአካፋ ግምት አይሁን፤ ውሃው ደግሞ መጠኑ በታወቀ ባልዲ ይግባ። በሚክሰሩ አጠገብ የሚቆም አንድ ሰው ይመድቡ፤ ሥራው መቁጠር ብቻ ይሁን።

አርማታውን የሚያነዝረው ቫይብሬተር መሥራቱ ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ይረጋገጥ፣ ትርፍም ይዘጋጅ። ሶሌታ ተሞልቶ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቫይብሬተር ተበላሽቶ በዱላ መውጋት የተለመደ ነው፤ ካሳው ሲነሳ የሚታየው የጠጠር ጎጆ የዚያ ውጤት ነው።

ከየሙሌቱ 15 ሴንቲሜትር ጎን ያላቸው ኪዩቦች ይወሰዱ፤ ሦስት ለ7 ቀን፣ ሦስት ለ28 ቀን። ቀን፣ ቦታና የኮለኑ ወይም የሶሌታው መለያ ይጻፍባቸው። ኪዩቡ ከሕንፃው ተለይቶ ከቢሮ በስተኋላ ከተረሳ፣ ምርመራው ስለሕንፃው አይናገርም። ሲ-25 አርማታ በ28 ቀን የተባለውን ሊደርስ፣ በ7 ቀን ደግሞ የዚያን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሊይዝ ይገባል። ፖዞላና የተባለ ጭማሪ ያለበት ሲሚንቶ በዝግታ ስለሚጠነክር የ7 ቀኑ ቁጥር ትንሽ ቢያንስ አይደንግጡ፤ በጣም ካነሰ ግን 28ን አይጠብቁ፣ ቀጣዩን ሙሌት ያስቁሙ።

አሁን ወደ አዳማ ነፋስ እንምጣ። ከአዳማ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት 34ቱና በ2007 የተጨመሩት 102ቱ፣ እዚያ የቆሙት ነፋሱ ስለሚያዋጣ ነው። ያው ነፋስ ትኩስ ሶሌታ ላይ ሲያልፍ ገጹን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል፤ ውስጡ ገና ሳይጠነክር ፊቱ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ሙሌትን ወደ ማታ ማድረግ ወይም በጣም ማለዳ መጀመር ይመረጣል። ገጹ እንደተስተካከለ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ በፖዞላና ሲሚንቶ ለ14 ቀን ሳይቋረጥ ይቀጥል። እሑድም ቀን ነው። ለእሑድና ለበዓላት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስሙ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ከተቻለ ክፍያው ለብቻው ይሁን። ከፋሲካ በፊት ባለው ዓርብ ሶሌታ መሙላት መጥፎ ሐሳብ ነው፣ ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

6. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ይህን የሚወስኑት ሳይበላሽ ነው። ኪዩቡ ከተባለው በታች ከወጣ በመጀመሪያ ምርመራው ይጣራ፤ ከዚያ አማካሪው ሕንፃው ላይ የሚደረግ ፈተና ያዝዝ፤ ከዚያ መጠገን፣ ማጠናከር ወይም ማፍረስ ይወሰን። ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በውሉ ይስፈር። «ይፍረስ» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰውም በስም ይታወቅ። ብዙ ሳይት ላይ ሁሉም ጉድለቱን አይቷል፣ ነገር ግን «አቁሙ» የሚል ስለሌለ ሥራው ይቀጥላል። ያ ሥልጣን በእርስዎ እጅ ካልሆነ ሥራ አስኪያጅዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያዎ ክፍያ ነው። የክፍያ ጥያቄ ሲመጣ የማቆሚያዎቹ ፊርማ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና ፎቶ አብረው ካልቀረቡ ወደ ፋይናንስ አይሂድ። ፎቶው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ርቀቱ ይነበብ፤ ሰው ቆሞ ፈገግ ያለበት ፎቶ ለማኅበራዊ ሚዲያ እንጂ ለክፍያ አይሆንም። የዕለት መዝገቡ ደግሞ በየማታው ይሞላ፤ በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የተጻፈ መዝገብ ክርክር ሲነሳ ብዙ አያሳምንም።

የምርመራ ገንዘብን ከመጀመሪያው በጀት ለይተው ያስቀምጡ። በ«ልዩ ልዩ» ውስጥ ከገባ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

7. ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ ቀለም ማየት አይደለም። ሁሉም ቧንቧ አንድ ጊዜ ይከፈት፣ ሁሉም መብራት ይብራ፣ ሁሉም በርና መስኮት ይከፈትና ይዘጋ፤ ጣሪያው ላይ ውሃ ይለቀቅና ለሰዓታት ይታይ። የተገኘው ጉድለት በክፍል ቁጥር ተዘርዝሮ የማስተካከያ ቀን ይቆረጥለት። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥዕል እንደተሠራው ተስተካክሎ ይግባ፤ ያለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቧንቧ ለመፈለግ ግድግዳ ይፈርሳል።

ብዙ ውሎች ከክፍያው 5 በመቶ ያህል ይዘው ለአንድ ዓመት የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ይሰጣሉ። በእኛ አካባቢ ይህ ዓመት ዋጋ የሚኖረው ሙሉ ክረምት ካለፈበት ነው። ርክክቡ በመስከረም ከሆነ ቀጣዩ ክረምት በጊዜው ውስጥ ይገባል፤ የማስተካከያ ጊዜው ግን ከስድስት ወር ያነሰ ከሆነ ሕንፃው ዝናብ ሳያይ ገንዘቡ ይለቀቃል። ውሉ ሲፈረም ቀኖቹን ይቁጠሩ። በክረምቱ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ቀን ግቢውን ይዙሩ፦ ውሃ ከግድግዳ ሥር ይቆማል? አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል? በስንጥቁ ላይ በእርሳስ ጫፉን ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምልክቱን ካለፈ መሐንዲሱን ይጥሩ። የመጨረሻው ርክክብ ፊርማና የቀሪው ክፍያ መልቀቂያ ከእነዚህ ማስታወሻዎች ጋር አብረው ይቀርባሉ።